ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ ልጄንም አወጣልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ልጄ የደም ካንሰር ይዞት ኬሞ ላይ ነበር። ኬሞው ካንሰሩን ሲመታ ነጭ የደም ሴሎቹንም አብሮ ጠረጋቸው። ኒውትሮፊል የሚሉት፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ሴል ከ500 በታች ሲወርድ ያስፈራል። የልጄ ደግሞ ከነጭራሹ አልቋል ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ምላሱ ላይ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ነገር ወጣ፤ ምራቁን መዋጥ አቃተው። ከዚያ ትኩሳት መጣ። አንቲባዮቲክ ተሰጠው፣ ተቀየረለት፣ ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። 4 ቀን ሲያልፍ ዶክተሯ የደረት ሲቲ ስካን አዘዘችልን። ሳንባው ውስጥ ፈንገስ ገብቷል። እኔ ፈንገስ የማውቀው ቆዳ ላይ ነው። ሁላችንም በየቀኑ ከአየር የምንስበው የፈንገስ ብናኝ እንዲህ የተዳከመን ልጅ እንደሚገድል የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

የታዘዘለት አምፎቴሪሲን የሚሉት የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ካላ አዛር ለሚባለው በሽታም የሚሰጠው። ሆስፒታሉ ውስጥ ጠፋ። አባቱ ከተማውን ሲዞር ዋለ። እኔ አልጋው ሥር ተንበርክኬ «ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ ይህን እሳት አብርድልኝ፣ ቁልቢ ድረስ መጥቼ እመሰክራለሁ» ብዬ ተሳልኩ። አባቱ አንዱ ፋርማሲ ሊዘጋ ሲል ደረሰ፤ ከፍሪጅ አውጥተው ሰጡት!

ሲስተር ከብርሃን እንዲጠበቅ በጥቁር ላስቲክ ሸፍና ሰቀለችው። ብዙም ሳይቆይ ልጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ የብረት አልጋው አብሮት ይንኳኳል። ብርድ ልብስ ደርቤ አቀፍኩት። «እማዬ፣ በቃኝ በያቸው» ይለኛል። ኩላሊት ይጎዳል፣ ፖታሲየም ያወርዳል ተብሎ ደሙም ቶሎ ቶሎ ይታያል።

«ነቅላችሁ ጠበል አግቡት» ያሉን ነበሩ። የንስሐ አባታችን ግን መጥተው በመስቀላቸው ዳበሱትና «መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው፤ እንዳታቋርጪ። ያልፈላ ውኃ አይጠጣ ካሉ ጠበሉም ይቆየው» አሉኝ። ዕድሜ ይስጣቸው። ስንት እናት እዚህ ላይ ትሰናከላለች! ይህን የጻፍኩትም በተለይ ለእነሱ ብዬ ነው።

አንድ ማለዳ ግንባሩን ስነካው ቀዝቅዟል። ደንግጬ ሲስተርን ጠራሁ። ሙቀቱ 36.8። ሴሎቹም መመለስ ጀምረው ነበር። ዶክተሯ «መድኃኒቱም ሠርቷል፣ ሴሎቹም ደርሰውለታል» አለችኝ። ሁለቱንም የላከ ስሙ ይመስገን።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄጄ ስለቴን አስገባሁ። ልጄ ኬሞውን ገና አልጨረሰም። ቀሪውን እንዲያስፈጽምለት፣ ዋርድ ውስጥ ትተናቸው የወጣናቸውንም ልጆች እንዲምርልን በጸሎታችሁ አስቡን።