የተፈናጠጠው ወታደር

ዛሬ ማታ ልቤ ከብዶኝ ነበር። ምክንያቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ሲገባ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ትንሹ ልጄ ሻማ ለኩሶ የቼዝ ሰሌዳውን ፊቴ ዘረጋው። እምቢ ለማለት እንኳ ጉልበት አልነበረኝም።

ከነጮቹ ፈረሶች አንዱ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። በቦታው የለስላሳ ቆርኪ ገልብጠን እናስቀምጣለን፤ በቆርኪ ዳማ ተጫውቶ ላደገ ሰው ይህ አይገርምም። ልጁ በጨዋታው መሐል አንዱን ወታደር አንሥቶ ቆርኪው ውስጥ አቆመውና "ተፈናጠጠ!" አለኝ። ፈረሱ ጀርባው ባዶ ሆኖ ሲዘል ወታደሩ ለምን በእግሩ ይሄዳል?

መልስ ስላጣሁ ሕግ ማውጣት ጀመርን። የራሱ ፈረስ ከፊቱ የቆመለት ወታደር አንድ እርምጃ ወደፊት ብሎ ይወጣበታል። ፈረሱ ተሸክሞት ይዘላል። ወታደሩ ሲበቃው ወደፊት አንድ ካሬ ይወርዳል። መውጣቱም መውረዱም አንድ አንድ ተራ ይበላል። የመጀመሪያው ሙከራ ግን ጨዋታውን አበላሸው። ስቆጥረው ወታደር ከመነሻው ንግሥት ወደሚሆንበት የመጨረሻ፣ ስምንተኛ ረድፍ ለመድረስ በእግሩ ቢያንስ 5 እርምጃ ይፈጅበታል (የመጀመሪያውን ሁለት ካሬ መራመድ ስለሚችል)፤ ፈረሱ ከቤቱ ወጥቶ፣ አሳፍሮት እዚያ ለመድረስም ያው 5 ነው። እግረኛውን ግን ፊት ለፊቱ የቆመ ጠጠር ያግደዋል፤ የተፈናጠጠው ከላዩ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ሕግ ጨመርን፦ ንግሥት የሚሆነው የመጨረሻዋን ካሬ በእግሩ ሲገባ ብቻ ነው። ይህን ሕግ በጣም ወደድኩት።

ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ወደ ንግሥቲቱ ሄደ። በእኛ በጥንቱ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ ነው፤ በሰያፍ አንድ ካሬ ብቻ ይራመዳል። በአውሮፓም እንዲሁ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ግን ስፔን ውስጥ በየአቅጣጫው እንዳሻት የምትሄድ ንግሥት ሆነች። እኔን የሚያስደንቀኝ የእሷ ጉልበት አይደለም። ቀድሞ ወታደር ዳር ሲደርስ የሚሆነው ያንኑ ደካማ ፈርዝ ነበር፤ እሷ ስትበረታ የእሱም ተስፋ አብሮ ናረ። ኩባዊው የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካም በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት አዳዲስ ጠጠሮች ጨምሮ ሰሌዳውን ወደ 80 ካሬ ሲያሰፋ፣ ሁለቱም የፈረስን ዝላይ ከሌላ ጠጠር አካሄድ ጋር ያጣመሩ ነበሩ። ሁሉም ከፈረስ ይወስዳል። የእኛም ሕግ ለፈረሱ ኃይል የሰጠነው ይመስላል እንጂ የጨመርንለት ሸክም ነው።

ያልተስማማነው በአንድ ነገር ነው፦ ፈረሱ ሲበላ የተፈናጠጠው ምን ይሁን? እኔ አብሮ ይበላ አልኩ፤ አለዚያ ከፈረስ የሚወርድ አይኖርም። ልጁ እንባ እስኪተናነቀው ተከራከረኝ። "ወርዶ ይሮጣል" አለ። ወዴት? ወታደር ወደ ኋላ አይሄድም።

አሁን ተኝቷል። ሰሌዳውን አላነሣሁትም። ወታደሩ ቆርኪው ውስጥ እንደቆመ ነው፤ ጥቁሯ ንግሥት በአንድ እርምጃ ትደርስበታለች፤ ተራው ደግሞ የእኔ ነው። ጠዋት ሲነሣ ምን ልበለው?