ኢንሰርት ከመግዛታችሁ በፊት ጭስ ማውጫውን ለኩ

ክፍት ፋየርፕሌስ፣ ማለት ሳሎን ግድግዳ ውስጥ የተሠራው የማገዶ እሳት ቦታ፣ ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ቤት አያሞቅም። የማገዶው ሙቀት አብዛኛው በጭስ ማውጫው ሽቅብ ይሄዳል፤ ለክፍሉ የሚተርፈው አሥር በመቶ ቢሆን ነው። እሳቱ ደግሞ የቤቱ ማሞቂያ (ፈርነሱ) በገንዘባችሁ ያሞቀውን አየር አብሮ ይስባል። ሳሎኑ ሞቆ መኝታ ቤቶቹ የሚበርዱት ለዚህ ነው። ኢንሰርት የሚባለው በዚያው የጡብ አፍ ውስጥ የሚገባ፣ የመስታወት በርና የአየር መቆጣጠሪያ ያለው የብረት ምድጃ ነው። ደህናው ከእንጨቱ ሙቀት ሰባ በመቶ ያህሉን ለቤቱ ያስቀራል።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ ቤት የገዛ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የበሩን መልክና ዋጋውን ነው። ምድጃው ግን ከሥራው ግማሹ ብቻ ነው። ጥሩ ምድጃ መጥፎ ጭስ ማውጫ ላይ ከተገጠመ ይጨሳል፣ ጥቀርሻ ያጠራቅማል፣ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል። መካከለኛ ምድጃ ጥሩ ቱቦ ካገኘ ግን ያለ ችግር ይሠራል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ሜትርና ባትሪ ይዞ ፋየርፕሌሱ ሥር በመንበርከክ ነው።

መጀመሪያ የሚታወቀው የፋየርፕሌሱ ዓይነት ነው። በእንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ እውነተኛ የጡብ ፋየርፕሌስ አላቸው። ከ1980ዎቹ ወዲህ በተሠሩት ታውንሃውሶች ግን በብዛት የሚገኘው በፋብሪካ የተሠራ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ውስጡ የጡብ መልክ ያለው ስስ ሰሌዳ ስለሚለጠፍበት ያታልላል። ከአፉ በላይ ወይም በታች የአየር መግቢያ ክፍተቶች ካሉ፣ ከእሳቱ የሽቦ መጋረጃ ጀርባ የፋብሪካ ስም የተጻፈበት ሳህን ካለ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ በእንጨት ከተሠራ ሣጥን ክብ የብረት ቱቦ ብቅ ካለ፣ የቆርቆሮው ዓይነት ነው። ኢንሰርት የሚሠራው በመሠረቱ ለጡቡ ነው። የቆርቆሮው ውስጥ የሚገባው የሁለቱም ፋብሪካዎች መመሪያ በግልጽ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አይፈቅድም። ሻጩ «ችግር የለውም፣ ይገባል» ካለ መመሪያው ላይ የተጻፈበትን ገጽ ያሳያችሁ።

ጡብ መሆኑ ከተረጋገጠ መለካት ይቀጥላል። የአፉን ስፋትና ቁመት ሁሉም ይለካል። የሚረሳው የኋላው ነው፦ የኋላ ግድግዳው ስፋት ከፊቱ ይጠባል፣ ወደ ላይ ሲሄድ ደግሞ ወደ ፊት ያዘነብላል። ስለዚህ ጥልቀቱን ከታች ብቻ ሳይሆን ምድጃው በሚደርስበት ከፍታ ላይም ለኩ። ከፊት ያለው የድንጋይ ወይም የጡብ ወለል ከበሩ ወደ ሳሎኑ ቢያንስ 16 ኢንች መውጣት አለበት፤ ብዙ መመሪያዎች ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ። ከላይ የእንጨት መደርደሪያ ካለ ከምድጃው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚወስነው የምድጃው መመሪያ ነው።

ዋናው ልኬት ግን የጭስ ማውጫው የውስጥ ስፋት ነው። አብዛኛው ኢንሰርት የሚፈልገው ከምድጃው ተነስቶ በጭስ ማውጫው ውስጥ እስከ ጣሪያ የሚዘረጋ፣ 6 ኢንች ስፋት ያለው የብረት ቱቦ ነው። በግማሽ ኢንች የሙቀት መከላከያ ሲጠቀለል 7 ኢንች ተኩል ያህል ቦታ ይይዛል። በጡቡ ውስጥ ያለው የሸክላ ቱቦ «8 በ12» ቢባልም ውስጡ ሲለካ ጠባቡ ጎን 7 ኢንች እንኳ ላይሞላ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው። መፍትሔው ወይ በፋብሪካ ወደ ሞላላ የተጫነ ቱቦ ማዘዝ፣ ወይ ሸክላውን በመሣሪያ ሰብሮ ማውጣት ነው። ሁለቱም ወጪ አላቸው፤ ምድጃው ተገዝቶ ሳሎን ከተቀመጠ በኋላ ሲታወቅ ግን ይብሳል።

ቁመቱም አለ። ብዙ ፋብሪካዎች ቢያንስ 15 ፊት ይጠይቃሉ። ጭስ ማውጫው ጣሪያውን ከሚበሳበት ቦታ 3 ፊት፣ በ10 ፊት ዙሪያ ካለው ማናቸውም ነገር ደግሞ 2 ፊት መብለጥ አለበት። ያጠረ ጭስ ማውጫ በሩ ሲከፈት ጭሱን ወደ ሳሎን ይመልሳል።

ምድጃውን ስትመርጡ ትልቁን አትሹ። ማገዶ የሚገባበት ሆድ 2 ኪዩቢክ ፊት አካባቢ ከሆነ ለመካከለኛ ቤት ይበቃል። ትልቅ የገዛ ሰው ሳሎኑ ሲጋልበት አየሩን ይዘጋና እሳቱን ያፍናል፤ የታፈነ እሳት ደግሞ ጥቀርሻ ነው የሚያመርተው። ካታሊስት፣ ማለት ጭሱን መልሶ የሚያቃጥል ክፍል፣ ያለው ዓይነት ለረጅም ሌሊት ዝግ ብሎ ይነዳል፤ ነገር ግን ካታሊስቱ 500 ዲግሪ ፋረንሃይት ገደማ ሳይደርስ አይሠራም፣ ከዓመታት በኋላም ይቀየራል። ቀለም የተቀባ እንጨትና ቆሻሻ ካቃጠላችሁበት ቶሎ ይሞታል። ልጆችም እንግዶችም እንጨት የሚጨምሩበት ቤት ከሆነ እኔ ካታሊስት የሌለውን እመርጣለሁ፤ አያያዙ ቀላል ነው። የትኛውም ይሁን ጀርባው ላይ የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ምስክር ወረቀት ይኑረው፤ ከ2020 ወዲህ አዲስ የሚሸጠው በሰዓት ከ2 ግራም የበለጠ ጭስ እንዳያወጣ ተወስኗል፣ በተራ ፍልጥ ለተፈተነው 2.5 ነው። በርካሽ የሚገኘው የድሮ ምድጃ ብዙ ጊዜ ይህን አያሟላም። ሲያትል አካባቢ ደግሞ አየሩ ሲታመቅ የማቃጠል እገዳ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ደረጃ ምስክር ወረቀት የሌለው ምድጃ ይታገዳል፣ በሁለተኛው ያለውም ይጨመራል። ሌላ ማሞቂያ ለሌለው ብቻ ነው የሚፈቀደው። የ30 በመቶ የፌዴራል ታክስ ቅናሽ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ያ ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል።

ከዚያ ካውንቲው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ታውንሃውስ ከሆነ የሰፈሩ ማኅበርም አለ። ኢንሹራንሱም ይወቀው፤ ያላወቀውን ምድጃ ቃጠሎ ሲደርስ ክፍያ ለመከልከል ምክንያት ሊያደርገው ይችላል። ጭስ ማውጫውን የሚያጸዳው ባለሙያ በካሜራ የሚደረገውን፣ «ሌቭል 2» የሚባለውን ምርመራ እንዲያደርግ ጠይቁ። ምድጃ ሲቀየርም ቤት ሲሸጥም የሚደረገው ይህ ነው። የተሰነጠቀ ሸክላ ከታች በባትሪ አይታይም።

አሁን ወደ ገጠማው። መጀመሪያ ጭስ ማውጫው እስከ ጡቡ ይጠረጋል፤ የድሮ ጥቀርሻ ቱቦው ጀርባ ከቀረ እሳት የሚጠብቅ ነዳጅ ነው። የጭስ ማውጫውን አንገት የሚከፍተውና የሚዘጋው የብረት ክዳን፣ ዳምፐሩ፣ ይወጣል። የዳምፐሩ ፍሬም ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ኢንች ስለሆነ 6 ኢንቹ ቱቦ አያልፍበትም፤ ብረቱ በግራይንደር ይቆረጣል። ቱቦውን ደብድቦ አጥብቦ ማሳለፍ የሰነፍ ሥራ ነው፤ የጭሱን መንገድ ያንቃል፣ ብሩሽም አያሳልፍም።

ቱቦው (ላይነር የሚባለው) የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ለእንጨት 316 ወይም 304 የሚባለው ነው። አልሙኒየሙ ለጋዝ ብቻ የተሠራ ነው። መከላከያው በፎይል የተሸፈነ የሴራሚክ ብርድ ልብስ ሲሆን ፎይሉ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቀለላል፣ በላዩም የሽቦ መረብ ይጠለቃል። አንዳንድ ገጣሚዎች «ጡቡ ራሱ መከላከያ ነው» ብለው ይዘሉታል። ሕጉ ግን ጡቡና የቤቱ እንጨት መካከል ክፍተት ይፈልጋል፦ ጭስ ማውጫው በቤቱ መሐል ካለፈ 2 ኢንች፣ በውጭ ግድግዳ ከሆነ 1 ኢንች። የቆዩ ቤቶች ውስጥ እንጨቱ ጡቡን ነክቶ ይገኛል። መከላከያው ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ያንን እንጨት ከእሳት ይጠብቃል፤ ጭሱም ጣሪያ ሳይደርስ እንዳይቀዘቅዝ ያደርጋል። ጭስ ከ250 ዲግሪ ፋረንሃይት በታች ሲወርድ ነው ቱቦው ላይ ጥቀርሻ ሆኖ የሚለጠፈው።

ቱቦው የሚገባው ከጣሪያ ነው። አንዱ ከላይ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ሌላው ከታች ጫፉ ላይ በታሰረ ገመድ ይስባል። ቱቦው ላይ ቀስት ካለ አቅጣጫውን ጠብቁ። ከላይ የብረት ሳህኑ ሸክላው ላይ ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ይታሸጋል፣ ቱቦው በማሰሪያው ይጠበቃል፣ ክዳኑ ይደፋል። ክዳን የሌለው ቱቦ ዝናብ ያስገባል፤ ዝናብና አመድ ሲገናኙ ብረቱን ይበላሉ።

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው በዳምፐሩ ቦታ የሚገባው ላሜራ ነው። ብዙ መመሪያዎች አያስገድዱትም፤ ገጣሚውም ካልተጠየቀ አይሠራውም። ያለ እሱ ግን ከምድጃው ጀርባ የሚነሳው ሙቀት ሳሎን በመምጣት ፋንታ የጭስ ማውጫውን ጡብ ሲያሞቅ ያድራል፤ ጭስ ማውጫው በውጭ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ የሚያሞቀው ደጁን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በካርቶን የክፍተቱ ቅርጽ ይወሰዳል፤ ከዚያ 24 ጌጅ (የውፍረቱ ቁጥር ነው) ላሜራ በዚያው ልክ ይቆረጣል፤ ጠርዙ አንድ ኢንች ያህል ይታጠፋል፤ ለቱቦው ክብ ቀዳዳ ይወጣለታል። ጡቡ ላይ በኮንክሪት ብሎን ይታሰርና ዙሪያው ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ይደፈናል። ከበላዩ የድንጋይ ሱፍ ይታጨቃል። ቢጫው የቤት ፋይበርግላስ ለዚህ አይሆንም፤ ማጣበቂያው ተቃጥሎ ይሸታል።

ምድጃው ከ300 እስከ 500 ፓውንድ ይመዝናል። በሩን፣ የውስጥ ጡቦቹንና ከላይ ያለውን ባፍል፣ ማለት ከእሳቱ በላይ ጭሱን የሚያዞረውን ሰሌዳ፣ አውጡለት፤ ይቀልላል። ባፍሉ መውጣቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቱቦውን ከአንገቱ ጋር የምታገናኙት እጃችሁን በዚያ አስገብታችሁ ነው። መገጣጠሚያው በሦስት የማይዝግ ብሎን ይያዛል። ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ እግሮቹን አስተካክሉ፣ ከዚያ የዙሪያው ጥቁር ፓነል ይገጠማል። ፋኑ የኤሌክትሪክ ገመድ ስላለው ሶኬቱ የት እንደሆነ ቀድሞ ይታሰብ፤ መብራት ሲጠፋ ኢንሰርት መሞቁን ባያቆምም ሙቀቱን የሚገፋለት የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እሳቶች ትንንሽ ይሁኑ። ቀለሙ እየደረቀ ስለሚሸት መስኮት ይከፈት። በየፎቁና ከመኝታ ቤቶቹ ደጃፍ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሳይኖር አንድም ጭራሮ አይለኮስ።

ጭስ ወደ ሳሎን ከመጣ ምድጃውን ከመውቀሳችሁ በፊት ኩሽናውን እዩ። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሲቁላላ ሙሉ ኃይሉ የሚበራው የኩሽና ፋን የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይስባል፤ የልብስ ማድረቂያውም እንዲሁ። ቤቱ አየር ሲያጥረው ከጭስ ማውጫው መልሶ ይጎትታል። ፋኑን አጥፉ፣ መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጉ፤ ጭሱ ከቆመ ጥፋቱ የእሱ ነው። ቤዝመንት ውስጥ ያለ ፋየርፕሌስ ላይ ይህ ይብሳል።

መስታወቱ ከጠቆረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማገዶው እርጥብ ነው። «የደረቀ» ተብሎ በመኪና የሚመጣው የኦክ ዛፍ እንጨት በብዛት አልደረቀም። ኦክ ተፈልጦና ተከምሮ ሁለት ዓመት ይፈልጋል፤ አሽ የሚባለው ዛፍ ግን ከአንድ ዓመት በታች ሊደርስ ይችላል። በ30 ዶላር የሚገኝ የእርጥበት መለኪያ ግዙ፤ ፍልጡን እንደገና ፈልጡትና አዲሱን ፊት ለኩ፣ ከ20 በመቶ በታች ሊሆን ይገባል። የውጩን ፊት መለካት ራስን መሸወድ ነው። ማገዶ የሚሸጥበት መስፈሪያ፣ አንድ ኮርድ ሲባል፣ 4 በ4 በ8 ፊት፣ ማለት 128 ኪዩቢክ ፊት ነው፤ በፒክአፕ አንድ ጊዜ የሚመጣው ክምር ግማሹንም ላይሞላ ይችላል። ማገዶ በሚያዝያ ይገዛል እንጂ በገና ሰሞን አይገዛም።

በዓመት አንዴ ጠራጊ ይምጣ። ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመው ጥቀርሻ ከ1/8 ኢንች ካለፈ ዓመቱን ሳትጠብቁ ይጠረግ። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አውጡና ከቤቱ ርቆ መሬት ላይ ይቀመጥ። የእንጨት ዴክ ላይ፣ ካርቶን ውስጥ ወይም ጋራዥ ውስጥ አታኑሩት፤ አመድ ውስጥ የተዳፈነ ረመጥ ቀናት ቆይቶም እሳት ያስነሳል።