መቅደላን ፍለጋ በሰሜን ለንደን

ከአርችዌይ ባቡር ጣቢያ ወጥቼ ወደ ዊቲንግተን ሆስፒታል ስታጠፍ ታፔላው «ማግዳላ አቬኑ» ይላል። አጼ ቴዎድሮስ የወደቁበት አምባ ነው ብሎ ለመደምደም ልብ ይቸኩላል፤ ታፔላ ግን ማስረጃ አይሆንም። ለእኛ መቅደላና መግደላ ሁለት ቃላት ናቸው። እንግሊዝኛ አምባውንም በገሊላ ያለችውን የመግደላዊት ማርያምን አገርም በአንድ ዓይነት ፊደል ይጽፋቸዋል። ሆሎዌይ ሮድ ላይ ደግሞ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ የመግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስላለ ጥርጣሬው በቂ ምክንያት አለው።

የሚለየው ዓመቱ ነው። ቴዎድሮስ የወደቁበት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በእነሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው። የእኛን ቁጥር ይዞ መዝገብ የሚገልጥ ሰው ስምንት ዓመት ቀድሞ ይፈልግና ባዶ እጁን ይመለሳል። ስሙ ከ1868 በፊት ከተገኘ የእኛ መቅደላ አይደለም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ከአምባው ሳይሆን ከማዕረግ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የእንግሊዝን ጦር ወደ መቅደላ የመራው ጄኔራል ናፒየር በዚያው ዓመት «የማግዳላ ባሮን» ተብሏልና።

በኖርዘርን መስመር እስከ ኤንጅል፣ ከዚያ በእግር ወደ ሴንት ጆን ስትሪት። መንገዱ የሚገኝበት የኢዝሊንግተን ክፍለ ከተማ የአካባቢ ታሪክ ማዕከል ፊንስበሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። እዚህ ዋናው ሀብት የቤት ግብር መዝገብ ነው። የነዋሪው ስም፣ የባለቤቱ ስም፣ የቤቱ ቦታና የተገመተው ኪራይ በየዓምዱ ተጽፏል። መንገዶቹ በፊደል ተራ አልተቀመጡም፤ ግብር ሰብሳቢው በእግሩ እንደዞረ ነው የተጻፉት። ስለዚህ የታወቀ አሮጌ ጎረቤት መንገድ ተፈልጎ ገጹ ከዚያ ይገለጣል።

አሠራሩ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ከ1881 የሕዝብ ቆጠራ ተነስቶ ወደ 1871 መውረድ፣ ከዚያ በግብር መዝገቡ ስሙ እስኪጠፋ ድረስ ዓመት በዓመት መከተል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ ሲጠፋ ቤቶቹም ያልነበሩ ይመስለዋል። ግንበኞች አጫጭር የቤት ረድፎችን እየሠሩ ለእያንዳንዱ ረድፍ የራሱን ስም ይሰጡ ነበር። በኋላ ሁሉም በአንድ የመንገድ ስምና በአዲስ ቁጥር ተጠቃለለ። ስለዚህ ስሙ በጠፋበት ዓመት የነዋሪዎቹን ስም መያዝ ያስፈልጋል፤ እነዚያው ሰዎች በዚያው ተራ በሌላ ስም ሥር ከተገኙ መንገዱ ያው ነው።

ካርታም ያሳስታል። የብሪታንያ ብሔራዊ የካርታ ተቋም የሆነው የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ የተለካበት ዓመትና የታተመበት ዓመት ይለያያሉ፤ ሁለቱም ከጠርዙ ላይ ይነበባሉ፤ የሚያዘው የተለካበት ነው። የታተሙ የነዋሪዎች ማውጫዎችም መረጃቸው የተሰበሰበው ሽፋናቸው ላይ ካለው ዓመት በፊት ነው።

ከዚያ ክላርከንዌል ወዳለው የለንደን መዛግብት እሻገራለሁ፤ እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። ከ1889 በፊት የለንደንን የመንገድ ስሞች ያጸድቅ የነበረው የሜትሮፖሊታን የሥራዎች ቦርድ ሰነዶች እዚህ ናቸው። ሰፈሩ ያኔ የነበረበት የሚድልሴክስ አውራጃ የመሬት ውል መዝገብም አለ፤ ግን ማውጫው በሻጩ ስም እንጂ በቦታ ስም ስላልሆነ ከግብር መዝገቡ ላይ የባለቤቱን ስም ሳይጽፉ መምጣት ቀን ማባከን ነው። የግንበኛው ማመልከቻ ከተገኘ አንድ መስመር አንብቦ መተው አይገባም። በዚያው ሉህ ላይ ያሉት ሌሎቹ መንገዶች ማን ተባሉ? ጎረቤቱ «ናፒየር» ከሆነ የገሊላዋ መግደላ ነገር በጣም ይደክማል፤ ጎረቤቶቹ ቅዱሳን ከሆኑ ግን ወደ ሆሎዌይ ሮድ ቤተ ክርስቲያን ሰነዶች መመለስ ነው።