ጠይም ጠርሙስ የለም

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። የታኅሣሥ ውርጭ ይሆናል፤ ደብረ ብርሃን በዚህ ወር ሰው አታስቅም። እኔን ሲደብረኝ ደግሞ ፕሪንተሩም ያኮርፋል።

የአንዲት ተማሪ ጉርድ ፎቶ ባወጣ ፊቷ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ። ኖዝል ቼክ አደረግኩ፤ እያንዳንዱ ቀለም በደንብ መውጣቱን በመስመር የሚያሳይ ሙከራ ነው። የሌሎቹ መስመር ሙሉ ነው፤ የላይት ማጀንታው፣ የፈዛዛው ሮዝ፣ ግን እዚህም እዚያም ተበጣጥሷል። ፊት የሚያበላሸው እሱ ነው። ሰው ጥቁሩ ቀለም ቶሎ የሚያልቅ ይመስለዋል፤ ፎቶ ቤት ውስጥ ግን ቶሎ የሚያልቁት ሁለቱ ፈዛዞች፣ ሮዙና ሰማያዊው፣ ናቸው፤ የፊት ልስላሴ ከእነሱ ነው የሚመጣው።

ካርትሪጁን ነቅዬ አየሁት። ጎድሏል። የላስቲክ ክዳኑን ከፍቼ በመርፌ ቀስ እያልኩ ሞላሁት፤ ከተቻኮሉ አየር ይገባና ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ ሄድ ክሊኒንግ፤ ቀለም የሚረጨውን ሄዱን በራሱ ቀለም ማጠብ ማለት ነው። ትንሽ ተሻለው፣ ግን አልዳነም። ደግሜ ደጋግሜ ባስጸዳው ያን ሁሉ ቀለም ከታች ያለው ስፖንጅ ይጠጣዋል፤ ስፖንጁ የሞላ ቀን ደግሞ ማሽኑ አልሠራም ብሎ ይቆለፋል። ስለዚህ ሶፍት በዲስትልድ ውሃ አርሼ ከሄዱ ሥር አደረግኩና ተውኩት። ደረቅ ብርድ ያጋገረውን ቀለም ውሃና ትዕግሥት ነው የሚፈታው። ልጅቷን ከሰዓት ነይ አልኳት።

ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ዓይኔ ጠርሙሶቹ ላይ አረፈ። ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሰማያዊው ሳያን፣ ማጀንታ፣ ላይት ሳያን፣ ላይት ማጀንታ። ጠይም የለም። ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራበት አንድም ቀን አልገረመኝም። የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ጠይምነት ከቢጫና ከማጀንታ ነው የሚወጣው፣ ሰማያዊ ጠብ ተደርጎበት። ጠብታዋ ትንሽ ካለፈች ሰውየው ሌላ ሰው ነው።

ባለፈው ለአባታቸው ሙት ዓመት ከመታወቂያ ፎቶ ላይ ላሳድግላቸው የመጡት ልጆች ትዝ አሉኝ። ታላቅየዋ "አባባ ቀይ ዳማ ነበር" ትላለች። ወንድሟ "ኧረ ጥቁር ነው! እርሻ ላይ አላየሽውም እንዴ?" ይላል። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፣ አባታቸውን የማውቀው ይመስል። ሁለት ዓይነት አትሜ ሰጠኋቸው። እናታቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ነበር፤ ተነሥተው ቀዩን አነሡ። "ሲያገባኝ እንዲህ ነበር" አሉ። አለቀ፤ ክርክር የለም።

የኔ አያትስ?

ያለችን አንድ ፎቶ ናት፣ የታላቄ ክርስትና ላይ የተነሣች። የድሮ ከለር ስለሆነች አልበም ውስጥ እንደተቀመጠች ሰማያዊዋ ከድቷት ቀይዋ ቀርቷል። ቄሱ ቀይ፣ ሣሩ ቀይ፣ የአያቴ ባና ቀይ። ስካን አድርጌ ኮምፒውተር ላይ ሳያኑን መመለስ ጀመርኩ። ሣሩ ሣር ሆነ። ባናው የመንዝ በግ መልኩን አገኘ። ፊቷ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። የት ላይ ላቁም? የእጇን ሙቀት፣ የነጠላዋን የጭስ ሽታ አስታውሳለሁ። መልኳን ግን እንጃ።

እትዬ ጋ መሐል ሜዳ ደወልኩ።

"ምነው፣ ደኅና አይደለሽም እንዴ?"

"ደኅና ነኝ እትዬ። አያቴ መልኳ ምን ነበር?"

"ሙች! እንዴት ይጠፋሻል? ጠይም ናታ፣ ቁርጥ እኔን።"

እትዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እትዬ ከቀይም ቀይ ናት።

ታላቄ ጋ ደወልኩ። እሱ ሥራ ላይ ነው፣ ችኩል ነው። "ቀይ ነበረች ባክሽ፣ እንዳንቺ" ብሎ ዘጋው።

እንዳንቺ? እኔ እኮ ዕድሜዬን በሙሉ ጠይም ነኝ ስል ነው የኖርኩት! ተነሥቼ ደንበኛ ፀጉሩን የሚያስተካክልበት መስታወት ፊት ቆምኩ። መብራቱን አጠፋሁ፣ አበራሁ። መጋረጃውን ከፈትኩ። በር ላይ አንድ ሰውዬ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ፈልጎ ቆሟል፤ ስንት ሰዓት እንዳየኝ እንጃ።

"ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ" አልኩት፣ "እኔ ቀይ ነኝ ጠይም?"

ሰውዬው ወደ ውስጥም ሳይገባ፣ "ሌላ ፎቶ ቤት አለ እዚህ አካባቢ?" አለኝ።