ሁለት ሴንቲ ለመተንፈሻ

የቃጠሎ ጠባሳ ላይ የሚለበሰውን ፕሬዠር ጋርመንት (ጠባሳውን ተጭኖ የሚይዝ ጠባብ የሚለጠጥ ልብስ) እንዲሰፉልን የመጡት ሰውዬ መርካቶ ኮት በመስፋት የተመሰከረላቸው ናቸው። መቀስ አያያዛቸው ያስቀናል። ችግሩ ኮት ሰፊ በለካው ላይ ይጨምራል፣ እዚህ ደግሞ ከተለካው ላይ ይቀነሳል።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ክንዷ ላይ የፈላ ዘይት የፈሰሰባት ሴት ናት። ከአንጓዋ እስከ ብብቷ በየ4 ሴንቲው ተለካች፤ አንጓ 16፣ ላይኛው ክንድ 28። ወረቀቱ ላይ ለአንጓው 10 በመቶ ተቀንሶ 14.4፣ ለላይኛው ክንድ 15 በመቶ ተቀንሶ 23.8 ተጽፏል። ቀጭን ቦታ እኩል በመቶኛ ከጠበበ ጫናው ስለሚበረታ ነው አንጓ ላይ ቅናሹ ያነሰው፤ አለዚያ ጣት ይደነዝዛል። እሳቸው 18 እና 30 አድርገው ቆረጡት።

«ጋሼ፣ ሰፋ እኮ» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ።

«ሁለት ሁለት ሴንቲ ለመተንፈሻ ነዋ!»

«ጠባሳው እንዲተነፍስ አንፈልግም።»

«ልጄ፣ እኔ ሰው የሚያንቅ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም።»

ሴትየዋ ለበሰችውና መረቀቻቸው። አልቆነጠጣትማ! የእርካታ መጠየቂያው ቅጽ ላይ «በጣም ጥሩ» ተሞላ፤ ቅጹ ለሪፖርት በጣም ይፈለግ ስለነበር ልብሱም አብሮ ሄደ።

ስትመለስ ጠባሳው ቀልቷል፣ ደንድኗል፣ ያሳክካታል። እጅጌው እየተንሸራተተ ስላስቸገራት ላይኛው ጫፍ ላይ ላስቲክ አስራበታለች። የእጇ ጀርባ ያበጠው በዚያ ነው፦ ጫናው ክንዱን ሙሉ ከመያዝ ይልቅ አንድ ቦታ ላይ እንደ ገመድ ቋጥሮ ደሙን ያዘው።

ልብሱ በወረቀቱ ልክ እንደገና ተቆረጠ። ጨርቁ የሚሳበው በክንዱ ዙሪያ እንዲሆን ተደረገ፤ ስፌቱ ሲለጠጥ እንዳይበጠስ በዚግዛግ፣ አዲሱን ቆዳ እንዳይፍቅ ደግሞ ወደ ውጭ። ሁለት ተሰጣት፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲለበስ። በቀን 23 ሰዓት፣ ጠባሳው እስኪለሰልስና ቅላቱ እስኪጠፋ፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። በእጅ፣ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ሳይጨመቅ ጥላ ላይ ይሰጣል፤ ፀሐይ ላስቲኩን ይገድለዋል። እንዲያም ሆኖ በሁለት ሦስት ወሩ ስለሚላላ እንደገና ይለካል።

«የበፊቱ ይሻለኝ ነበር» አለች።

እውነቷን ነው ለማለት ያህል፣ የክርኗ እጥፋት ላይ ጨርቁ ተጨማዶ ውሃ አስቋጠረባት። እጅጌውን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ የኛ ልማድ ነበር። ጋሼ ዝም ብለው አዩት፣ ስፌቱን ፈቱት፣ እንደ ኮት እጅጌ ጎበጥ አድርገው ቆረጡት። መጨማደዱ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ክርን ላይ እሳቸው ያሉት ይሆናል። መቶኛው ላይ ግን እስካሁን ጭቅጭቅ አለ፤ ሴትየዋም የምትቆመው ከሳቸው ጎን ነው።