ረቡዕና ዓርብ የሚመጣብኝ ራስ ምታት

ሦስት ዓመት ሙሉ «ሳይነስ አለብኝ» እያልኩ ኖሬያለሁ። መርምሮ የነገረኝ ሰው ግን የለም። ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት ያለችው፤ እኔም ተቀበልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው ወይ ሳይነስ አለበት፣ ወይ ጋዝ ነው፣ ወይ ምች መቶታል። እማዬ የምች ወገን ናት። ዳማ ከሴውን በመዳፏ አሽታ ታሸተኛለች፤ ጭማቂውን ደግሞ ቡና ላይ ጠብ አድርጋ ታጠጣኛለች። ይሻለኝ ነበር። ለምን እንደሚሻለኝ የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ሕመሙ ግንባሬን እንደ ጠባብ ሻሽ ጭምቅ አድርጎ ይይዘኛል። ክኒን እውጣለሁ፣ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ይለቀኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፍ ቢጠፋ ማስታገሻ አይጠፋም። አንድ ክሊኒክ ሄጄ «ሳይነስ አለብኝ» አልኩ፤ አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። ጨረስኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ለበሽታዬ ስም አውጥቼለት ነው የሄድኩት። መነጽርም አሠራሁ። ለዓይኔ ጠቀመኝ፣ ለራሴ ግን አልጠቀመኝም።

በመጨረሻ ያገኘሁት ሐኪም ጠያቂ ነበር። ድንገት እንደ መብረቅ መቶሽ ያውቃል? ትኩሳትና የአንገት መገተርስ? እጅ መዛል፣ አፍ መተሳሰር፣ የዓይን ብዥታ? ሁሉንም «የለም» አልኩ። «ከነዚህ አንዱ ቢኖር ዛሬውኑ ሆስፒታል ነበር የምልክሽ» አለኝ። «አሁን ግን ደብተር ግዢ።» ለአንድ ወር ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ የበላሁትን፣ የተኛሁትን፣ ቡናውንና ክኒኑን እንድጽፍ አዘዘኝ። ለደብተር ካርድ ማውጣቴ ትንሽ አናዶኝ ነበር።

ጥቅምትን ሙሉ ጻፍኩ። «ረቡዕ፣ 4 ሰዓት ተኩል። ጀመረኝ። ቁርስ የለም፣ ቡና የለም። 2 ክኒን።» «ዓርብ፣ 4 ሰዓት። እንደ ረቡዕ። 2 ክኒን።» የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ወሩ ሲያልቅ እንደ መዝገብ ደመርኩት። 8 የጾም ቀን፣ በ7ቱ ራስ ምታት። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም፣ በዚያ ወቅት ቀለል ይለኝ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ነገሩን አገኘሁት ብዬ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ግን ክብ ያደረገው ሌላ ቦታ ነው። ክኒን የዋጥኩባቸው ቀናት 17 ነበሩ።

«እስቲ የምትውጪውን አሳዪኝ» አለኝ። ከቦርሳዬ አወጣሁ። ማሸጊያውን ገልብጦ ጽሑፉን በጣቱ አሳየኝ፤ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም፣ ካፌይን 65 ሚሊ ግራም። ለካ በጾም ቀን ቡናዬን በክኒን ስውጥ ነበር! የእማዬ ዳማ ከሴም ወዲያው ታየኝ። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ፣ ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ማመም ይጀምረዋል። እኔ ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ጠጥቼ እስከ ረቡዕ ምሳ ምንም አልቀምስም። ረሃቡም ተጨመረበት።

የቀሩት ቀናት ራስ ምታት ደግሞ ከማስታገሻው ከራሱ ነው። ተራ ፓራሲታሞል በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደኔ ካፌይን የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር አልፎ ከተወሰደ ሕመሙን መልሶ ያመጣዋል። እኔ ስንት ዓመቴ!

ክኒኑን በአንዴ አቆምኩ። ለእኔ እንደዚያ ተፈቀደልኝ፤ ጠንከር ያለ ማስታገሻ የለመደ ሰው ግን ያለ ሐኪም አይሞክረው። የመጀመሪያው ሳምንት አይነሳ። በሦስተኛው ቀን የቢሮውን መጋረጃ ዘግቼ፣ ራሴን በነጠላ አስሬ፣ ደረሰኝ ላይ ያለው ቁጥር እየተደራረበብኝ አለቀስኩ። ሊሻሻል ነው ሲሉኝ የባሰበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። በዘጠነኛው ቀን ነቃሁ፣ ግንባሬን ነካሁት፣ ምንም የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡናውን በየሳምንቱ አንድ አንድ ስኒ እየቀነስኩ ወደ አንድ አወረድኩት። ለጾም ዋዜማ እራቴን ጠንከር አድርጌ እበላለሁ፤ ውኃም አበዛለሁ። አሁን በወር አንዴ ወይ ሁለቴ ቢያመኝ ነው። ተራ ፓራሲታሞል እወስድና የግድግዳው ካላንደር ላይ ምልክት አደርጋለሁ። በሳምንት ከሁለት ቀን አላሳልፍም።

ከሁሉ የከበደኝ ጎረቤት ነው። ቡና ተጠርቶ አልጠጣም ማለት «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» ያስብላል። ብልሃቱን አገኘሁት። አቦሉንና ቶናውን በወሬ አሳልፌ በረካው ላይ እደርሳለሁ። በዚያው ዱቄት ለሦስተኛ ጊዜ የሚፈላ ስለሆነ በጣም ቀጭን ነው። እነሱ ምርቃት ፈልጋ ነው ይላሉ፤ እኔም አላስተባብልም።