ንስሩን ጠብቅ

ክረምት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ በቶሎ አያባራም፤ እንዲህ ያለው ቀን ለካሴት ጌም የተፈጠረ ይመስለኛል። ዛሬ የማስበው ከዚያ ሁሉ ጌም ውስጥ እስካሁን የማይሰለቸኝ የትኛው እንደሆነና ለምን እንደሆነ ነው።

እኛ የምናውቀው ማሽን በአብዛኛው ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣው ፋሚኮም የተባለ የቲቪ ጌም ማሽን ቅጂ ነው። ካሴቱ ላይ «9999999 ጌም» ተብሎ ቢጻፍም ውስጡ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ያው ጌም በሌላ ስም ወይም ከሌላ ስቴጅ እየጀመረ ይደጋገማል። ቅር አይለኝም። ሦስት ጥሩ ጌም ካለበት ካሴቱ ዋጋውን አውጥቷል።

ለእኔ አንደኛው ታንክ ነው። ትክክለኛ ስሙ ባትል ሲቲ ነው፣ ናምኮ በ1985 ያወጣው፣ 35 ስቴጅ ያለው። ከታች መሐል ላይ በጡብ የታጠረ ንስር አለ፤ 20 የጠላት ታንኮች ከላይ በግራ፣ በመሐልና በቀኝ እየተተኩ ይወርዳሉ። ንስሩ ከተመታ ስንትም ነፍስ ቢተርፍ ጨዋታው አበቃ። የራስ ጥይትም ያፈርሰዋል፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ንስሩ አጠገብ ሆኖ ወደ ጎን ሲተኩስ ነው።

ሁለት ሰው ሲጫወት ቢጫው ታንክ ከንስሩ ግራ፣ አረንጓዴው ከቀኝ ይነሣል። ጓደኛን መምታት አይገድለውም፣ ለጥቂት ሰከንድ ባለበት ያደርቀዋል እንጂ፤ ታዲያ ብዙ ስቴጅ የሚበላሸው በዚያች ጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሥራ መከፋፈል ግድ ይላል፦ አንዱ ወደ ላይ ወጥቶ ያድናል፣ ሌላው ከንስሩ አይርቅም። «አያ፣ ንስሩን!» የሚለው የታናሽ ወንድም ጩኸት የሚወጣው ጠባቂው የኮከብ ሽልማት አይቶ ሲሮጥ ነው።

ከ20ዎቹ ውስጥ 4ኛው፣ 11ኛውና 18ኛው ብልጭ ድርግም እያሉ ይመጣሉ፤ ሲመቱ ሽልማት ይወጣል። አካፋ ወጥቶ ከተነሣ የንስሩ አጥር ለጥቂት ጊዜ ብረት ይሆናል፤ ጊዜው ሲያልቅም የፈረሰው ጡብ ሁሉ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። አጥሩ ደህና እያለ መሮጥ አያስፈልግም፣ እስኪቦረቦር መጠበቅ ይቻላል። ግን ቀጣዩ ብልጭልጭ ታንክ ብቅ ካለ ያልተነሣው ሽልማት ይጠፋል፤ ትዕግሥቱም ልክ አለው። ኮከብ ሦስት ጊዜ ይጠቅማል፦ በመጀመሪያው ጥይቱ ይፈጥናል፣ በሁለተኛው ሁለት ጥይት በተከታታይ ይተኮሳል፣ በሦስተኛው ብረት ይበሳል። ሦስት ኮከብ ያለው ሰው አጥሩ ብረት በሆነ ጊዜ ንስሩን መጠበቅ የለበትም፣ የገዛ የብረት አጥሩን ይበሳልና። አንዴ ከሞተ ኮከቦቹ ሁሉ ይሄዳሉ። ፊት ለፊት ለሚመጣ ታንክ ደግሞ ማወቅ ያለብን ጥይት ጥይትን እንደሚያጠፋ ነው፤ መሸሽ ሳይሆን በሰዓቱ መተኮስ ያድናል።

ሱፐር ማሪዮን የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። 32 ስቴጅ አለው፣ የደረሱበትን ማስቀመጫ ግን የለውም፤ መብራት ከጠፋ ከ1-1፣ ማለትም ከዓለም 1 ስቴጅ 1፣ እንደገና ነው። ለእኛ አገር መብራት የሚስማማው አቋራጩ ነው። በ1-2 መጨረሻ ላይ ሊፍቱን ይዞ ከጣሪያው በላይ ወጥቶ በቀኝ በኩል እስከ ጥግ ከሄዱ ሦስት ቱቦ ይገኛል፤ የግራው ወደ ዓለም 4 ይወስዳል። በ4-2 ከሊፍቶቹ ወዲያ ከተደረደሩት ሦስት ጡቦች በግራው ውስጥ ወደ ሰማይ የሚያወጣ ሐረግ አለ፣ ከሥሩ ግን የተደበቁ ብሎኮች ስላሉ እነሱን በቅድሚያ ገልጦ መቆሚያ ማድረግ ያስፈልጋል። ሐረጉ ያደረሰበት ቦታ የግራው ቱቦ ወደ ዓለም 8 ያስገባል። በድምሩ 8 ስቴጅ ብቻ ተጫውቶ መጨረስ ይቻላል። መብራት ሳይጠፋ ነፍስ ካለቀ ደግሞ መነሻው ገጽ ላይ ኤ ተጭኖ እንደተያዘ ስታርት ቢነካ ከሞቱበት ዓለም መጀመሪያ ያስቀጥላል።

ኮንትራ የተባለው የተኩስ ጌም ለሁለት ሰው ነው፣ 30 ነፍስ የሚሰጠውም ቁልፍ የታወቀ ነው፦ በመክፈቻው ገጽ «ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ»። የፏፏቴው ስቴጅ ላይ ግን ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይጠብቅ፤ ስክሪኑ ሲወጣ ከታች የቀረው ይሞታል።

ክረምት ለካሴት አይመችም። እርጥበቱ በካሴቱ 60 መዳብማ እግሮች ላይ ይቀመጣል፣ ስክሪኑም ይዥጎረጎራል። ሁላችንም እፍ ብለን መልሰን እንሰካዋለን፤ የሚሠራው መልሶ መሰካቱ ነው፣ ትንፋሹ ግን ምራቅና እርጥበት ጨምሮ ዝገቱን ያፋጥነዋል። የጆሮ ጥጥ በፋርማሲ አልኮል አርሶ በሁለቱም በኩል እግሮቹን ማበስ፣ ጥጡ ጥቁር መሆኑን እስኪያቆም መደጋገም፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ መሰካት ነው። በቤት አረቄ ማበስ አይገባም፣ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው።

ጆይስቲክም ሳይመረመር አይጣል። አንድ ቁልፍ ብቻ እንቢ ካለ ጥፋቱ ከሥሩ ያለው ጎማ ላይ ነው፤ ጎማው ጫፍ ላይ ያለችው ጥቁር ክብ ስትቆሽሽ ሰሌዳውን በደንብ አትነካም። ዊንጮቹን ፈትቶ ክቧንና ሰሌዳውን በደረቅ ጥጥ መጥረግ በቂ ነው፤ በምላጭ ከተፋቀች አበቃላት። ሁሉም ቁልፍ በአንዴ ከሞተ ግን ሽቦው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ከጆይስቲኩ በሚወጣበት አንገት ላይ ይበጠሳል። ውስጡ 5 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ቀለማቸውን እያዩ የተበጠሰውን መልሶ መበየድ ነው። ለሁለተኛው ጆይስቲክ በተለይ ይህ ይደረግለት፤ ያለ እሱ አረንጓዴው ታንክ ቆሞ ይቀራል፣ ንስሩንም የሚጠብቀው የለም።